ልጆች ተደርገናልና በፍቅር እንደግ



ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ በተሰሎንቄ ለነበሩት ክርስቲያኖች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክቱ ውስጥ አንዲት አጭር ልመና እናገኛለን። እነዚያ ክርስቲያኖች ከተጠመቁ ብዙ አልቆዩም፤ መከራና ስደትም ደርሶባቸዋል። ሐዋርያው በዚያች ልመና ላይ መከራው ይራቅላቸው አላለም። ጌታ እርስ በርሳቸውና ለሰው ሁሉ ባላቸው ፍቅር እንዲያሳድጋቸውና እንዲያበዛቸው ነው የለመነላቸው (1 ተሰ. 3፥12)።

ከዚህች ልመና ሦስት ቁም ነገሮች እንማራለን። አንደኛ፣ ፍቅር የሚያድግ ነገር ነው፤ ዛሬ ያለን ፍቅር የነገው ፍቅራችን ልክ አይደለም። ሁለተኛ፣ የሚያሳድገው ጌታ ነው፤ ስለዚህም ይለመናል እንጂ በሰው ብርታት ብቻ አይገኝም። ሦስተኛ፣ ፍቅር ሁለት ክበብ አለው፤ አንዱ እርስ በርስ የተባለው የቅርቡ ነው፣ ሌላው ለሰው ሁሉ የተባለው የሩቁ ነው። ከመጀመሪያው ክበብ ሳይወጣ የቀረ ፍቅር መልካም ቢሆንም እንኳ ገና ልጅ ነው፤ አላደገም።

በአካባቢያችን ብዙ ጊዜ ስለ አንድ ደግ ሰው ሲነገር «እሱ ሲፈጥረው ሆዱ ባቡ ነው» ይባላል። ስለ ሌላውም «ተፈጥሮው ነው፣ ምን ይደረግ» ተብሎ ይታለፋል። እንዲህ ከሆነ ፍቅር ጠባይ ብቻ ነው ማለት ነው፤ የታደለው ይወዳል፣ ያልታደለው ይቀራል። ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ግን እንዲህ አታስተምረንም። እምነት፣ ተስፋና ፍቅር ሦስቱ መለኮታውያን ምግባራት ናቸው፤ በምሥጢረ ጥምቀት በነፍሳችን ውስጥ የሚያኖራቸው እግዚአብሔር ራሱ ነው። ስለዚህ የተጠመቀ ሰው ሁሉ ቁጡም ይሁን ዝምተኛ፣ ባለጸጋም ይሁን ድኻ፣ የፍቅር ችግኝ ተተክሎበታል። የሚቀረው ጥያቄ ችግኙ አደገ ወይስ ጫጨ የሚለው ነው።

1. ፍቅር እንዴት ያድጋል?

በወንጪ ሐይቅ ዙሪያ ባሉት ከፍተኛ ቦታዎችና ከዚያም ወደ ወሊሶ በሚወርደው ሀገር እንሰት የቤት ዋስ ነው። ዝናም በዘገየ ጊዜ እህል ሲጠፋ እንሰት ቤተሰብን ያተርፋል። የአተካከሉን ሥርዓት ልብ ብሎ ላየ ሰው በዚህ ተክል ውስጥ ትምህርት አለ።

እንሰትን የሚያበዛ ገበሬ አብዛኛውን ጊዜ ፍሬ አይዘራም። ገና ለምግብ ያልደረሰ ተክል ይመርጥና ግንዱን ከሥሩ ከፍ አድርጎ ይቆርጠዋል። በመካከል ያለውንና ወደ ላይ የሚያድገውን ለጋ ልብ ፈልፍሎ ያወጣል። የቀረውን ጉንድ በፍግ አልብሶ ይቀብረዋል። ነገሩን የማያውቅ ሰው ቢያይ ተክሉ የጠፋ ይመስለዋል። ከወራት በኋላ ግን ልቡ ከወጣው ከዚያ አንድ ጉንድ ዙሪያ ብዙ ችግኞች ይበቅላሉ። ልቡ ባይወጣ ኖሮ ያ ተክል ለራሱ አንድ ሆኖ በቀረ ነበር። ችግኞቹም በአንድ ቦታ አይቀሩም፤ እያደጉ ሲሄዱ ተነቅለው፣ ከቀድሞው ይልቅ ተራርቀው፣ ሰፋ ባለ ቦታ ደጋግመው ይተከላሉ። ለመብል እስኪደርሱም ዓመታት ይፈጃሉ።

ጌታችን ስለ ስንዴ ቅንጣት የተናገረው ይህንኑ ነው። በምድር ወድቃ ካልሞተች ብቻዋን ትቀራለች፤ ብትሞት ግን ብዙ ታፈራለች (ዮሐ. 12፥24)። በሰው ውስጥም «እኔ» የሚል፣ ሁልጊዜ ወደ ራሱ የሚስብ ልብ አለ። ይህ ልብ ካልተቆረጠ ፍቅር አይበዛም። መቆረጡም ያማል፤ ሕማሙን ደብቀን ፍቅር ቀላል ነው ብለን ብናስተምር እውነቱን አልተናገርንም። ዳግመኛም ፍቅር እንደ ችግኙ ከቦታ ወደ ቦታ መዛወር ይፈልጋል፤ ከእናት ጉያ ወደ ወንድምና እኅት፣ ከወንድም ወደ ጎረቤት፣ ከጎረቤት ወደ እንግዳ፣ ከእንግዳም ወደ በደለን ሰው። በአንድ ቀን ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው የሚዘል የለም። ግን ባለበት የቀረም አያፈራም።

2. እኛ ራሳችን በጉዲፈቻ የመጣን ነን

እንግዲህ ሰው የገዛ ልቡን የሚያስቆርጥ ኃይል ከየት ያገኛል? የእምነት ሥራ እዚህ ላይ ነው። ቅዱስ ዮሐንስ እኛ የምንወደው እግዚአብሔር አስቀድሞ ስለ ወደደን መሆኑን ይነግረናል (1 ዮሐ. 4፥19)። ቅዱስ ጳውሎስም ይህን የእግዚአብሔርን ፍቅር ለማስረዳት ከቤተሰብ ሕግ አንድ ቃል ይወስዳል፤ ልጅነት ተሰጥቶናል፣ ስለዚህም አባ አባት ብለን እንጮኻለን፣ ልጆችም ከሆንን ወራሾች ነን ይላል (ሮሜ 8፥15-17፤ ገላ. 4፥4-7)። ይህ የልጅነት ቃል በእኛ ሀገር ቋንቋ ሲነገር ጉዲፈቻ ነው።

ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ከአፋን ኦሮሞ ወደ አማርኛ ገብቶ ዛሬ በሀገራችን የቤተሰብ ሕግ ውስጥ የሚሠራበት ቃል ሆኗል። የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ ሸዋ አባቶችና እናቶች ትርጉሙን ከሕግ መጽሐፍ አልተማሩትም። በኦሮሞ ባህል ባልና ሚስት ከአብራካቸው ያልወጣ ልጅ ሲቀበሉ በሽማግሌዎችና በወገን ፊት ልጃችን ነው ይላሉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የተወለደና የመጣ የሚል ልዩነት ይቀራል። ልጁ በአሳዳጊ አባቱ ስም ይጠራል፤ እንደ ሌሎቹ ልጆች ይወርሳል፤ ቤተሰቡም አይክደውም። መጻተኛ ነህ ብሎ መዝለፍ ነውር ነው።

ሐዋርያው ስለ እኛ የተናገረው ይህንኑ ነው። በእግዚአብሔር ቤት የባሕርይ ልጅ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ነው። እኛ ሁላችን በደጅ የነበርን፣ በጸጋ የገባን፣ ያልወለድነውን ስም የተሸከምን፣ ያልደከምንበትን ርስት የወረስን ነን። በተጠመቅን ቀን እግዚአብሔር ዘራችንንና ብቃታችንን አልጠየቀም። ቤተ ክርስቲያንም የዚያች ቀን ምስክር ናት።

እምነት ፍቅርን የሚያሳድገው በዚህ መንገድ ነው። «ይህ ሰው የእኔ ወገን አይደለም፤ ምን አገባኝ?» የሚል ሐሳብ በመጣብን ጊዜ፣ እኛም የእግዚአብሔር ወገን እንዳልነበርንና እርሱ ግን ወገን እንዳደረገን እናስታውሳለን። በምሕረት ወደ ቤት የገባ ልጅ ከኋላው የመጣውን ሌላ ልጅ በር ሊዘጋበት አይችልም። ቢዘጋበት የራሱን ታሪክ ክዷል።

ቅዱሳት መጻሕፍትም በዚህ ምሳሌ የተሞሉ ናቸው። ሙሴ በፈርዖን ልጅ እጅ አደገ (ዘጸ. 2፥10)። አባትና እናት ያልነበራትን አስቴርን መርዶክዮስ እንደ ልጁ አሳደጋት (አስ. 2፥7)። ከሁሉ በላይ ጌታችን ራሱ በሥጋ ባልወለደው በቅዱስ ዮሴፍ ቤት አደገ፣ የጠራቢ ልጅ ተባለ። በመስቀል ላይ ሳለም እናቱን ለደቀ መዝሙሩ፣ ደቀ መዝሙሩንም ለእናቱ ሰጠ (ዮሐ. 19፥26-27)። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2020 ጀምሮ አንድ ዓመት ለቅዱስ ዮሴፍ መታሰቢያ እንዲሆን ባወጁ ጊዜ፣ ሰው ልጅ በመውለዱ ብቻ አባት እንደማይሆን፣ የልጁን ኃላፊነት ሲሸከም ግን አባት እንደሚሆን አስተምረዋል።

3. ብድር የማይመልሰውን መውደድ

ወገኖቻችን ሆይ፣ በአካባቢያችን ፍቅር የለም ብሎ የሚናገር ይሳሳታል። በአምቦ፣ በጊንጪ፣ በጌዶ፣ በወሊሶ፣ በየገጠሩም ሰው ሲሞት እድር ድንኳን ይተክላል፤ ሐዘንተኛውን ብቻውን አይተወውም። አዝመራ ሲደርስ ደቦ ይወጣል፤ ቤት ሲሠራ ጎረቤት ሣርና እንጨት ይዞ ይመጣል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው ብሂል በእኛ ዘንድ የሚኖር እውነት ነው። ይህ ሁሉ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ልናጠፋው ሳይሆን ልንጠብቀው ይገባል።

ነገር ግን እድር የሚያውቀው በመዝገቡ ላይ ያለውን ስም ነው። ደቦም ነገ በተራ የሚመለስ ነው። ጌታችን የወንጌልን ድንበር ከዚህ አሻግሮታል። የሚወዱንን ብቻ ብንወድ ምን ብልጫ አለን? ግብዣ ባደረግን ጊዜ መልሰው የሚጋብዙንን ሳይሆን ብድር ሊመልሱ የማይችሉትን ድኾችንና አካለ ስንኩላንን እንድንጠራ አስተምሮናል (ሉቃ. 6፥32፤ 14፥12-14)። የፍቅር ዕድገት የሚለካውም በዚሁ ነው። ትናንት ብድር ከሚመልሰው ጋር ብቻ የነበረ ፍቅራችን ዛሬ ወደማይመልሰው አንድ እርምጃ ከሄደ አድጓል።

በሀገራችን የካቶሊክ እምነት ታሪክም ይህን የመሰለ ምስክርነት አለ። ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ እ.ኤ.አ. በ1839 ወደ ሀገራችን ከገባ በኋላ የሕዝቡን ቋንቋ ተማረ፣ እንደ ሕዝቡ ለበሰ፣ እንደ ሕዝቡ በላ። ሕይወቱ የእነርሱ እንደ ሆነ በግልጽ ይነግራቸው ነበር። ከእርሱ ጋር የተቆራኘው ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል በሰንሰለት ታስሮ እ.ኤ.አ. በ1855 ነፍሱን ሰጠ። ከአምቦ በስተሰሜን ምዕራብ ወዳለው ወደ ጉዱሩ ምድር እ.ኤ.አ. በ1852 የገቡት አቡነ ማስያስ፣ ኋላ ካርዲናል የሆኑት ጉልየልሞ ማሳያ፣ ወንጌልን ከመስበክ ጋር ለፈንጣጣ መከላከያ ክትባት ይሰጡ ነበር። ክትባቱን የሰጡት ለተጠመቀው ብቻ አልነበረም፤ በሽታው ለሚያሰጋው ሁሉ ነበር። ዛሬም በወሊሶ የሚገኘው የቅዱስ ሉቃስ ካቶሊክ ሆስፒታል በሩን የሚከፍተው ለታመመ ሁሉ ነው፤ በሽተኛው የየትኛው እምነት ተከታይ እንደ ሆነ በቅድሚያ አይጠየቅም።

እኛስ በየቤታችን እንዴት ነን? ባለፉት ዓመታት በሀገራችን ብዙ መፈናቀል ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ በግጭት ምክንያት ከ5 ሚሊዮን ጊዜ በላይ መፈናቀል ተመዝግቧል። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ክፉ ልማድ ወደ አንደበታችን ገባ። የተቸገረ ሰው ባየን ጊዜ «ምን ሆነህ ነው?» ከማለታችን በፊት «የማን ወገን ነህ?» ማለትን ለመድን። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ላይ ያለው ሳምራዊ በመንገድ ዳር የወደቀውን ሰው ቋንቋውንና ነገዱን አልጠየቀውም፤ ቁስሉን አይቶ ዘይትና የወይን ጠጅ አፈሰሰለት። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2020 «ፍራቴሊ ቱቲ» በተባለው ሐዋርያዊ መልእክታቸው ይህንኑ የሳምራዊውን ምሳሌ ለዘመናችን ሰው መስታወት አድርገው አቅርበውታል። የጌታን ጥያቄ እናስተውል። ሕግ አዋቂው «ባልንጀራዬ ማን ነው?» ብሎ ነበር የጠየቀው፤ ጌታ ግን ለቆሰለው ባልንጀራ የሆነው ማን እንደ ሆነ መልሶ ጠየቀው። ባልንጀራ የሚፈለግ ሰው አይደለም፤ እኛ የምንሆነው ነው።

4. ከንግሥ መልስ የተጀመረ ሥራ

እምነት ወደ ፍቅር እንዴት እንደሚያድግ ለማየት ከሀገራችን ሰዎች አንዲትን እናት እናስታውስ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ ነበሩ፤ ሥራቸው ግን የክርስቲያኖች ሁሉ መማሪያ ነው። እኚህ እናት ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና ናቸው።

ወይዘሮ አበበች በሸዋ ተወልደው፣ አባታቸውን በጣሊያን ወረራ ዘመን በሕፃንነታቸው አጥተው ያደጉ ናቸው። በ1972 ዓ.ም. በወሎ ወደምትገኘው ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄዱ። ዘመኑ የድርቅና የረኃብ ዘመን ነበር። በመንገድ ላይ በረኃብ ከሞተች እናቷ ጡት ያልተለየች ሕፃን አዩ። በእጃቸው የነበረው ጥቂት ዳቦና ጠበል ብቻ ነበር። ያንን አካፈሉ፤ ሲመለሱም ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ ገቡ። ዓመት ሳይሞላ በቤታቸው የነበሩት ልጆች 21 ደረሱ።

ሥራው ግን ዋጋ አስከፍሏቸዋል። በትዳራቸውና በዘመዶቻቸው ዘንድ ተቀባይነት አላገኘም፤ ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ተቸግረው ኖሩ፤ በእጃቸው ሠርተውና ሸጠው አሳደጓቸው። ያ ጅማሬ ውሎ አድሮ በስማቸው የሚጠራ የሕፃናት እንክብካቤና ልማት ማኅበር ሆነ። ክብርት ዶክተር አበበች በ2013 ዓ.ም. ሰኔ ወር መጨረሻ በኮቪድ በሽታ ሲያርፉ ያሳደጉት ትውልድ አለቀሰላቸው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን እናስተውል። የወጡት ለመሳለም ነበር፤ ማኅበር ለማቋቋም አልነበረም። ጸሎት ዓይን ይከፍታል፤ በአምልኮ መንገድ ላይ የሄደ ዓይን ሌላው አልፎት የሄደውን ሕፃን ያያል። ካህኑና ሌዋዊውም በመንገድ ላይ ነበሩ፤ ግን አይተው አለፉ። ሁለተኛው፣ የጀመሩት በሁለት ልጆች ነው። እግዚአብሔር መጨረሻውን አላሳያቸውም፤ ያሳያቸው በፊታቸው የነበረውን ሕፃን ብቻ ነው። ፍቅርም እንዲህ ያድጋል፤ በሚታየው አንድ ሰው ይጀምራል።

5. በአንድ ቤት ሁለት ማዕድ

አሁን ወደ ገዛ ቤታችን እንግባ። በአካባቢያችን አንድ ልማድ አለ። የገጠር ዘመድ ወይም ጎረቤት ሲቸገር፣ ወይም ሲሞት፣ ልጁን «እኔ አሳድገዋለሁ፣ አስተምረዋለሁ» ብሎ ወደ ከተማ የሚወስድ ሰው ይገኛል። ቃሉ የጉዲፈቻ ቃል ነው። ብዙዎችም ቃላቸውን ጠብቀው ልጁን ለቁም ነገር ያደርሱታል፤ እግዚአብሔር ዋጋቸውን ይክፈላቸው። አንዳንድ ጊዜ ግን ያ ልጅ በቤቱ ውስጥ ልጅ ሳይሆን አገልጋይ ይሆናል። ከሁሉ በፊት ይነሣል፣ ከሁሉ በኋላ ይተኛል። የቤቱ ልጆች ደብተር ይዘው ሲወጡ እርሱ ጀሪካን ይዞ ይወጣል። ለቤተሰቡ አንድ ማዕድ ይቀርባል፤ ለእርሱ ከማድ ቤት የቀረው። እንግዳ መጥቶ «ይህ ማን ነው?» ሲል «እኛው የምናሳድገው ነው» ይባላል።

ወገኖቼ፣ ይህ በእግዚአብሔር ፊት ቀላል ነገር አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ከጌታው ቤት ስለ ኮበለለው ስለ አናሲሞስ ለፊልሞና ሲጽፍ፣ እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም እንዲቀበለው ለምኖታል (ፊል. 16)። ሐዋርያው ከፊልሞና የጠየቀው መልካም ስሜትን አልነበረም፤ በቤቱ ውስጥ የአናሲሞስ ቦታ እንዲለወጥ ነው የጠየቀው። እኛም ራሳችንን የምንመረምርባቸው ጥያቄዎች ቀላልና ግልጽ ናቸው። በቤታችን ያለው ያልወለድነው ልጅ ከእኛ ጋር ከአንድ ማዕድ ይበላልን? ከልጆቻችን እኩል ትምህርት ቤት ይሄዳልን? ሲታመም እንደ ልጃችን እንደነግጣለንን? በስሙ እንጠራዋለንን? ለእሑድ ቅዳሴ አብሮን ይሄዳልን ወይስ ቤት ጠባቂ ሆኖ ይቀራል? ተቀጥረው የሚያገለግሉን ደግሞ ደመወዛቸው በጊዜው ይደርሳቸዋልን? የዕረፍት ቀንስ አላቸውን?

በወንጪ ሐይቅ ደሴት ላይ የኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን የቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለች። ሕፃኑ ሰማዕት ቂርቆስና እናቱ ቅድስት ኢየሉጣ በምሥራቅም በምዕራብም ያሉ ክርስቲያኖች የሚያከብሯቸው ቅዱሳን ናቸው። ሰው ያንን ረጅም ቁልቁለት ወርዶ፣ በጀልባ ተሻግሮ፣ ለአንድ ሕፃን ክብር ይሰግዳል። ታዲያ በሰማይ ያለውን ሕፃን እያከበርን በማድ ቤታችን ያለውን ሕፃን ብናዋርድ አምልኳችን በምን ይጸናል? የሚያየውን ወንድሙን የማይወድ ያላየውን እግዚአብሔርን ሊወድ እንደማይችል ቅዱስ ዮሐንስ አስጠንቅቆናል (1 ዮሐ. 4፥20)።

6. «ለራሴ ልጆች መቼ በቃኝ?»

ይህን ሁሉ የሰማ አንድ አባት «ለራሴ ልጆች እንኳ መቼ በቃኝ? የማዳበሪያው ዋጋ፣ የጤፉ ዋጋ፣ የትምህርቱ ወጪ አለብኝ» ቢል እውነት አለው። ቤተ ክርስቲያን ሊሸከሙት የማይቻል ሸክም በማንም ላይ አትጭንም። ልጅ ተቀብሎ ማሳደግ ለሁሉም የተሰጠ ጥሪ አይደለም፤ በችኮላም የሚደረግ አይደለም። የተጠራበት ሰው ከትዳር ጓደኛው ጋር መክሮ፣ ጸልዮ፣ ከቆሞሱ ጋር ተነጋግሮ፣ በሕግም ፊት ሥርዓቱን ፈጽሞ ሊገባበት ይገባል። በ2010 ዓ.ም. የሀገራችን ምክር ቤት ልጆችን ለውጭ ሀገር ሰዎች በጉዲፈቻ መስጠትን አስቀርቷል። ስለዚህ ወላጅ ያጡ ልጆች ጉዳይ ከቀድሞው ይልቅ የእኛ የሀገሩ ሰዎች አደራ ሆኗል።

ሌላው ሁሉ ደግሞ እንደ አቅሙ አንድ እርምጃ ይራመድ። በሰራፕታ የነበረችው መበለት የቀራት አንድ እፍኝ ዱቄትና ጥቂት ዘይት ነበር፤ ነቢዩ ኤልያስ የጠየቃትም ከዚያው ትንሽ እንጎቻ ነበር (1 ነገ. 17፥8-16)። እግዚአብሔር ከሌለን አይጠይቅም፤ ካለን ይጠይቃል። አንዱ ለወላጅ አልባው ልጅ ደብተርና እስክሪፕቶ ይገዛል። አንዱ በሬውን ጠምዶ የመበለቲቱን ማሳ ግማሽ ቀን ያርሳል። ሌላዋ እንሰት ለመፋቅ ስትወጣ ጉልበት የሌላትን ጎረቤቷን አስባ የእርሷንም ትፍቃለች። ሌላውም በእድር መዝገብ ስሙ የሌለ መጻተኛ ሲሞት ለቀብሩ ይወጣል። ምንም የሌለው በሽተኛ ይጠይቃል፤ ያጣላውን ያስታርቃል። ሥጋዊና መንፈሳዊ የምሕረት ሥራዎች ተብለው በትምህርተ ክርስቶስ የተማርናቸው እነዚህ ናቸው።

ከሁሉ የሚከብደው የበደለንን መውደድ ነው። በዚህ ላይ በጉልበታችን የምንጀምር ከሆነ እንደክማለን። ስለዚህ በጸሎት እንጀምር። ልንሰላምታው የማንችለውን ሰው ስሙን በእግዚአብሔር ፊት እንጥራ፤ ዛሬ ስሙን ብቻ፣ ነገ ደኅንነቱን፣ ከነገ ወዲያ ልጆቹን። ስሙ በየቀኑ በጸሎታችን የሚነሣውን ሰው ጠልተን መቆየት ይከብደናል። ምሥጢረ ንስሓም በልባችን የሸሸግነውን ቂም ያወጣዋል፤ ቅዱስ ቁርባንም ከአንድ እንጀራ ተካፋዮች ያደርገናል። ከአንድ መንበረ ታቦት በልተን ስንወጣ በቅጥሩ በር ላይ ፊት ልንዟዟር አይገባም።

7. ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

የተወደዳችሁ መምህራን፣ ስለ ፍቅር ማስተማር ቀላል ይመስላል፤ ሁሉ ይስማማበታልና። ነገር ግን ጥቅሱን አስጠንቶ ማለፍ ልጆቹን አያሳድጋቸውም። ስለዚህ ከጥምቀታቸው ጀምሩ። መቼ እንደ ተጠመቁ፣ የክርስትና አባታቸውና እናታቸው ማን እንደ ሆኑ ጠይቋቸው፤ የእግዚአብሔር ልጆች የተደረጉባት ቀን እንደ ልደታቸው እንዲያከብሯት አስተምሯቸው። ከዚያም እያንዳንዱ ከቤተሰቡና ከጓደኞቹ ውጭ የሆነ አንድ ሰው በልቡ ይምረጥ፤ በሳምንቱ ውስጥ ለዚያ ሰው አንድ ነገር ያድርግ። በሚቀጥለው እሑድ የሰው ስም ሳያነሣ ይንገራችሁ።

የክርስትና አባቶችና እናቶችንም አስታውሷቸው። በሀገራችን ክርስትና ማንሣት ዝምድና ነው፤ ለጋብቻ እንኳ የሚከለክል ዝምድና። እንግዲያው የክርስትና ልጃችን አባቱን ወይም እናቱን ያጣ እንደ ሆነ በደጁ አስቀድመን መገኘት ያለብን እኛ ነን። በየቁምስናው ይህ አንድ ነገር ቢጠበቅ ብዙ ልጆች ጎዳና ከመውጣት በዳኑ ነበር።

በመጨረሻም ከሁላችን አንድ ነገር ይጠበቃል። ይህን ጽሑፍ ያነበብን ዛሬ ማታ ከጸሎት በኋላ አንድ ስም እናስብ፤ ብድር የማይመልስ፣ ከወገናችን ያልሆነ፣ ወይም በቤታችን ውስጥ ሆኖ ቦታ ያጣ ሰው። ወደዚያ ሰው የምንራመደው እርምጃ የፍቅራችን ዕድገት ይሆናል። የቀረውን ጌታ ያሳድገዋል።

አባት ሆይ፣ ወገኖችህ ያልነበርነውን በአንድ ልጅህ በኢየሱስ ክርስቶስ ልጆችህ አድርገኸናልና እናመሰግንሃለን። ራሳችንን ብቻ የሚወድ ልባችንን ቆርጠህ አውጣልን፤ ስለ አንድ ፈንታ ብዙ እንድናፈራ አድርገን። በደጃችን የቆመውን እንድናይ ዓይን፣ በማዕዳችን ቦታ እንድንሰጠው እጅ ስጠን። ወላጅ ያጡትን ልጆች ጠብቃቸው፤ የተፈናቀሉትን ወደ ቤታቸው መልሳቸው፤ የተጣሉትን አስታርቃቸው። የልጅህ አሳዳጊ ቅዱስ ዮሴፍ፣ እናታችን ቅድስት ድንግል ማርያምም ያማልዱን። በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ፤ አሜን።